ከዳገቱ በፊት ማሟሟቅ፣ ከዳገቱ በኋላ መሳብ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ብቅ በሉ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና አልተነሳም። ሰው ሲተነፍስ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ልጆቹ ከባጃጅ ይወርዱና ጃኬታቸውን ጥለው ወዲያው ጎንበስ ይላሉ። ጣታቸውን ከጫማቸው ጫፍ ለማድረስ እየታገሉ ይቆጥራሉ። ያልደረሰለት ደግሞ ከወገቡ ከፍ ዝቅ እያለ ይነጥራል። ከዚያ በቀጥታ ሩጫ።

እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ብዙ ጎንበስ ብሎ የቆየ ጎበዝ ይመስለን ነበር። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ሁለት ደቂቃ ያህል ተጎንብሼ ቆየሁና ኳስ ተከትዬ ተፈተለክሁ። ከጭኔ በስተኋላ "ቷ" ያለ ነገር ተሰማኝ። ቋንጃዬ ነበር። ስድስት ሳምንት ቁጭ አልኩ። ያየኝ ወጌሻ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከመሮጥህ በፊት አልቦህ ነበር?" አላበኝም ነበር። እንዲያውም እጄ ደንዝዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ገለበጥኩት። ከልምምድ በፊት እንቅስቃሴ፣ ከልምምድ በኋላ ደግሞ መሳብ (ስትሬች)፣ ማለትም ጡንቻን ስቦ ይዞ መቆየት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለሯጭም፣ ለኳስ ተጫዋችም፣ ማታ ማታ ጂም ለሚገባም ይሆናል። ዳገት ቁልቁለቱን ግን የጻፍኩት ለእኛው ሰው ነው።

ጡንቻ ለምን እምቢ ይላል?

ሐኪም ጉልበታችሁን ከሎሚው ሥር በትንሽ መዶሻ ሲመታው እግራችሁ ሳታዙት ይፈናጠራል አይደል? ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚጠብቁ ጥቃቅን አካላት አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲለጠጥ ወደ አከርካሪ መልእክት ይልካሉ። መልሱ "ተኮማተር" የሚል ነው። እየነጠራችሁ ስትስቡም የሚሆነው ይኸው ነው፤ እናንተ ትስባላችሁ፣ ጡንቻው መልሶ ይስባችኋል። ቀስ ብሎ የገባና እዚያው የረጋ ሰው ግን ይህን ዘብ አይቀሰቅሰውም።

ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "ተሳብኩ፣ ረዘምኩ" የሚያሰኘው ለውጥ በአብዛኛው የጡንቻው መርዘም አይደለም። ነርቫችሁ መሳቡን መቻል እየለመደ ነው። ስለዚህ ጉልበት ሳይሆን ድግግሞሽ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ራሱን የሚያሰቃይ ሰው፣ በየቀኑ ስምንት ደቂቃ የሚሠራውን አይደርስበትም።

ብርዱም አለ። የቀዘቀዘ ጡንቻ ደረቅ ነው፣ ሲሳብ ይገተራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እዚያ ያለው ጓደኛዬ በስምንት ደቂቃ ላብ ሲያወጣ እኔ ጠዋት ላይ 15 ደቂቃ ያስፈልገኛል። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ አገር በተሠራ ቪዲዮ ሰዓታችሁን አትለኩ። ላባችሁን እዩ።

አንዱን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ይዞ ማቆየት ደግሞ ለጊዜው ጉልበቱንና የመፈትለክ አቅሙን ይቀንሳል። 15 ወይም 20 ሰከንድ ብቻ ቆይቶ ከዚያ እንቅስቃሴ የሚያስከትል ሰው ግን ብዙም አይጎዳም። ልማዱ ከሆነና አእምሮው የሚረጋው በዚያ ከሆነ አልከለክለውም።

ከልምምድ በፊት

1. ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ሶምሶማ። ወሬ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ይሁን። ቦታው ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። ደሴ ውስጥ ሜዳ መሬት መፈለግ ራሱ ስፖርት ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሰፈራችሁ ዳገት ላይ ከሆነ እየተራመዳችሁ ወደ ሜዳው ውረዱ እንጂ በቀዘቀዘ ባት ሽቅብ አትሩጡ። ጃኬት አይወለቅም፣ ላብ እስኪመጣ።

2. እግር ማወዛወዝ። ግድግዳ፣ የጎል ብረት ወይም የጓደኛ ትከሻ ያዙ። አንዱን እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ 12 ጊዜ አወዛውዙ። ከዝቅታ ጀምሩና በየዙሩ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ወገባችሁ ከእግሩ ጋር አብሮ የሚታጠፍ ከሆነ ከፍታው በዝቷል። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩና ወደ ጎን 12 ጊዜ። ይህኛው ለብሽሽት ነው። ኳስ ተጫዋች ይህን ከዘለለ ቆይቶ ይከፍላል።

3. እርምጃን አስረዝሞ ዝቅ ማለት። አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ፊት፣ የኋላው ጉልበት መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ፣ ሁለቱም እጅ ወደ ላይ። ተነሱና በሌላው እግር። በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ።

4. 20 ሜትር ጉልበትን ወደ ደረት እያነሱ፣ 20 ሜትር ተረከዝን ወደ መቀመጫ እያስነኩ። ሁለት ሁለት ጊዜ።

5. ቁርጭምጭሚት። 15 ሜትር በጣት ጫፍ፣ 15 ሜትር በተረከዝ ብቻ መራመድ። ልጆች ይስቁባችኋል። ይሳቁ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ለሚሮጥ ሰው ከዚህ የሚጠቅም ነገር ጥቂት ነው።

6. ትከሻ። እዚህ ላይ ከፈረንጅ ቪዲዮ የምንበደረው የለም። አንድ ደቂቃ እስክስታ። ቀስ ብሎ ይጀመር፣ ትከሻ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ይፍጠን። ለበረኛ፣ ለመረብ ኳስ ተጫዋችና ለወርዋሪ አንድ ደቂቃ አይበቃም፤ እጅን በትልቅ ክብ ማዞር ይጨመርበት።

7. ፍጥነት መጨመር። 60 ሜትር ያህል፣ አራት ጊዜ። የመጀመሪያው ግማሽ አቅም፣ የመጨረሻው ከሙሉ ፍጥነት ትንሽ ሲቀረው። በየመሃሉ እየተራመዳችሁ ተመለሱ። እኔ የዘለልኩት ይህን ነበር። ቋንጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በሙሉ ሩጫ ላይ ነው፤ ቀስ በቀስ ሳታደርሱት ድንገት ሙሉ ሩጫ አትጠይቁት።

ቡድን የምታሠለጥኑ ከሆነ ፊፋ ያዘጋጀውን "11+" የሚባል ማሟሟቂያ ፈልጉ። 15 እንቅስቃሴ በ3 ክፍል ነው፦ ቀላል ሩጫ፣ የጉልበት፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ ከዚያ ፈጣን ሩጫ። 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን በትጋት የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው እንደቀነሰ በተደጋጋሚ ታይቷል። ውስጡ ጡንቻን ስቦ ይዞ መቆየት የሚባል ነገር አንድም የለም።

የቱ ጋ ነው የጠበባችሁ?

ሁሉንም ጡንቻ በእኩል መሳብ ጊዜ ማባከን ነው። ለዛሬ ሦስት ነገር ለኩ። ትንሽ ከተሟሟቃችሁ በኋላ ይሁን።

የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚት ነው። ጫማ አውልቁ። ከግድግዳ ፊት ለፊት ተንበርከኩና አንዱን እግር ከፊት አስቀምጡ። ተረከዙ መሬት ሳይለቅ ጉልበቱ ግድግዳውን ይንካ። ነካ? እግራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡና እንደገና ሞክሩ። ተረከዝ ሳይነሳ የሚነካበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ከትልቁ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ለኩ። 10 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ፣ ወይም ቀኙና ግራው ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከተለያዩ፣ ሥራችሁ ከባት ይጀምራል።

ሁለተኛው ቋንጃ። የበር መቃን አጠገብ በጀርባችሁ ተኙ። አንዱ እግር በበሩ ክፍት በኩል ቀጥ ብሎ ይዘርጋ፤ ሌላውን ሳታጥፉ ወደ ላይ አንሱ። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ከቀረበ ሸጋ ነው። ከግማሽ ብዙም ካላለፈ ጠባብ ነው።

ሦስተኛው የዳሌ ፊት። ጠረጴዛ ወይም ከፍ ያለ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ። ወደ ኋላ ተኙና ሁለቱንም ጉልበት ወደ ደረት እቀፉ። አንዱን ብቻ ልቀቁት፣ ይንጠልጠል። ጭኑ አልጋውን ካልነካ የዳሌ ፊት ጡንቻ ይዟችኋል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ተማሪና ባጃጅ የሚነዳ ሰው እዚህ ፈተና ላይ ሲወድቅ ብዙ አይቻለሁ።

ከልምምድ በኋላ

ሰውነት ገና ትኩስ ሳለ ነው። ሩጫ ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ተራመዱና ጃኬት መልሳችሁ ልበሱ፤ የደሴ ነፋስ ላብን በሁለት ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል። ሜዳው ከበረደ ቤት ገብቶ መሥራት ይቻላል።

ደንቡ አጭር ነው። መሳብ እንጂ ሕመም መሰማት የለበትም። መሳቡን ከአስር ስድስት በሉት። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ትንፋሽ አይያዝም። በሳምንት ሦስት ቀን ካነሰ ለውጥ አትጠብቁ።

ከባት እንጀምር፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ዕዳው እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ሽቅብ ስትሮጡ ተረከዝ ከጣት በታች ይወድቃል፣ ባትና የተረከዝ ጅማት በየእርምጃው ተለጥጠው ይሠራሉ። ባት ደግሞ አንድ ጡንቻ አይደለም። የላይኛው ከጉልበት በላይ ካለው አጥንት ይነሳል። ከሥሩ ያለው ከጉልበት በታች ይጀምራል። ሁለቱም በአንድ ጅማት ተረከዝ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ አንድ አይነት መሳብ አይበቃም።

ሁለት እጅ ግድግዳ ላይ። አንድ እግር ከኋላ፣ ጉልበቱ ቀጥ ያለ፣ ተረከዙ መሬት የረገጠ። የእግር ጣት ወደ ግድግዳው በቀጥታ ይይ። ወደ ውጭ የዞረ እግር ራስን ማታለል ነው፣ መሳቡ ወደ ሌላ ቦታ ያመልጣል። ደረታችሁን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ይህ የላይኛው ነው። ከዚያ የኋላውን እግር ትንሽ ወደ ፊት ሳቡና ጉልበቱን እጠፉት፣ ተረከዙ ሳይነሳ። መሳቡ ወደ ታች፣ ወደ ጅማቱ አካባቢ ሲወርድ ይታወቃችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን አይሠራውም። ሯጮቻችን "ተረከዜን ያዘኝ" የሚሉት ብዙ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ነው።

ለዳሌ ፊት ጋቢ አጥፋችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። አንዱ ጉልበት ጋቢው ላይ፣ ሌላው እግር ከፊት። ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ወገቡን ለጥጦ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ያ ወገብን ነው የሚያሳምመው። መጀመሪያ መቀመጫችሁን ጨብጡ። ውሻ ሲፈራ ጭራውን እንደሚወሽቀው ዳሌያችሁን ወደ ውስጥ ወሽቁ። ከዚያ አራት ጣት ያህል ብቻ ወደ ፊት ሂዱ። በቃ፣ ያ ነው። በትክክል ከሠራችሁት ትንሽ ሄዳችሁ ብዙ ይሰማችኋል።

ቋንጃን ቆሞ መጎንበስ እኔ ትቼዋለሁ። አብዛኛውን የሚጎነብሰው ወገብ ነው። በጀርባ ተኙና ነጠላ በአንዱ እግር መዳፍ ላይ አዙሩ። ጉልበቱን ቀጥ አድርጋችሁ በነጠላው ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ሌላው እግር ይዘርጋ። ከጉልበት ጀርባ እንደ መርፌ የሚጠቀጥቅ ወይም ወደ መዳፍ የሚወርድ ንዝረት ከተሰማችሁ የተወጠረው ነርቭ ነው፤ ጉልበቱን ትንሽ እጠፉት።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ለጭን ፊት፣ ቆማችሁ ተረከዛችሁን ወደ መቀመጫ ሳቡ፣ ሁለቱ ጉልበቶች ጎን ለጎን ይሁኑ። ለብሽሽት፣ ቁጭ ብላችሁ ሁለቱን የእግር መዳፎች አገናኙ፣ ጉልበታችሁን በክርን አትጫኑት፣ በራሱ ክብደት ይውረድ። ለመቀመጫ፣ በጀርባ ተኝታችሁ የአንዱን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አነባብሩና የታችኛውን ጭን ወደ ደረት ሳቡ።

ጓደኛ ካለ የሚሻል መንገድ አለ። ቋንጃን ብንወስድ፣ ጓደኛችሁ እግራችሁን መሳቡ እስኪሰማችሁ ያነሳል። እናንተ 6 ሰከንድ ያህል እግሩን ወደ ታች፣ በመካከለኛ ጉልበት፣ ትገፋላችሁ፤ እሱ ይይዛል። ልቀቁ፣ አንድ ጊዜ ተንፍሱ። አሁን ትንሽ ከፍ ያደርገውና 20 ሰከንድ ይቆያል። ሦስት ዙር። "በቃ" ስትሉ የማይሰማ ጓደኛ ከሆነ ግን በነጠላው ብቻችሁን ብትሠሩት ይሻላል። ቀልደኛ ጓደኛ ቋንጃ ሲበጥስ አይቻለሁ።

ከመሳብ በላይ የሆነ ነገር

ይህን ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ተለጥጦ ሳለ ጉልበት የሌለው ጡንቻ ቢረዝም አይጠቅምም። ለቋንጃ አንዱ ምርጥ ሥራ እንዲህ ነው፦ ጉልበታችሁን ጋቢ ላይ አድርጋችሁ ተንበርከኩ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታችሁን ይያዝ። ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ እንዳላችሁ፣ በተቻለ መጠን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ውደቁ። መያዝ ሲያቅታችሁ በእጃችሁ መሬት ያዙ። ይህን በልምምዳቸው ውስጥ ያካተቱ ተጫዋቾች የቋንጃ ጉዳታቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ 2 ዙር፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ብቻ ጀምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ ሲያስከለክላችሁ እኔን አትውቀሱ።

ለተረከዝ ጅማት ደግሞ ደረጃ በቂ ነው፤ ደረጃ ደግሞ ደሴ ውስጥ አይጠፋም። በእግር ጣት ደረጃው ጫፍ ላይ ቁሙ፣ በሁለት እግር ውጡ፣ በአንዱ ብቻ ቀስ ብላችሁ ተረከዛችሁን ከደረጃው በታች አውርዱ። 10 ጊዜ፣ 2 ዙር።

ረጅም ሯጮች ላይ ይህ ነገር ልዩ ትርጉም አለው። የሯጭ ጅማት እንደ ስፕሪንግ ነው፣ ጠበቅ ሲል ጉልበት ቆጥቦ ይመልሳል። እንደ ጂምናስቲክ ሠሪ እግር መክፈት ለ10 ሺህ ሜትር ሯጭ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ለሥራችሁ የሚበቃ ስፋት ካላችሁ በቃችሁ፤ የቀረውን ሰዓት ለጉልበት አውሉት።

የማይሆን ተስፋም አልሰጣችሁም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት የሮጠ ሰው በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ያስታውቃል፤ እጁ መደገፊያውን አይለቅም። ቁልቁለት ላይ የጭን ፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚፋለመው፣ ሕመሙም ከዚያ ነው። ያንን ሕመም ስትሬች እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አይቀንሰውም። ቀላል እርምጃ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሁለት ሦስት ቀን። በቀጣዩ ጊዜ ቁልቁለቱን አሳጥሮ መጀመር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ረመዳን ላይ የሚጾም ሰው ከማፍጠሪያ በፊት ቀላል ሶምሶማና እንቅስቃሴ ብቻ ቢሠራ ጥሩ ነው። ከባዱን ሥራና መሳቡን ካፈጠረና ውሃ ከጠጣ በኋላ ያድርገው።

ለማን አይሆንም?

ቁመቱ በአንድ ክረምት የተመዘዘ ልጅን በግድ አትሳቡት። አጥንቱ ቀድሞ ረዝሞ ጡንቻው ገና እየተከተለ ነው። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው እብጠት ሲነካ የሚያመው ከሆነ ዝላይና ሩጫ ይቀነስለት፣ ባለሙያ ይየው። አውራ ጣታቸው ክንዳቸውን የሚነካ፣ ክርናቸው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሰዎችም አሉ። እነዚህ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ነው፤ ተጨማሪ መሳብ መገጣጠሚያቸውን ያላላባቸዋል። አዲስ ጉዳት ያለበት፣ በተለይ "ቷ" ያለ፣ ያበጠ ወይም የጠቆረ ነገር ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታውን አይስበው፣ አያሳሽም። እዚያ ላይ ወጌሻ ሲያሽ ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው፤ የተበጠሰ ጡንቻ ላይ ጠንካራ መታሸት ደም ያበዛል።

የግድግዳውን ፈተና ዛሬ ማታ ሥሩና ሁለቱንም ቁጥር በእርሳስ በሩ ጀርባ ላይ ጻፉ፣ ቀኝና ግራ፣ ከነቀኑ። በአራተኛው ሳምንት መልሳችሁ ለኩ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ መሳቡ የት ጋ እንደሚሰማችሁ ልብ በሉ። ከኋላ፣ ባት ላይ ከሆነ ቀጥሉበት። ከፊት፣ ቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ላይ እንደ መቆንጠጥ ከሆነ ግን የያዛችሁ መገጣጠሚያው ነው፤ ግድግዳ መግፋቱን አቁሙና ፊዚዮቴራፒስት ፈልጉ።